የሲሳይ እጅ

ስሜ ብርቄ ነው። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ባለው መንገድ ያረጀ ዕቃ የሚያድስ ሰው ሲፈለግ እኔን ይጠሩኛል። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ለቃቅሜያለሁ፤ አጻጻፌ ቢወለጋገድ ይቅር በሉኝ። የምጽፈው በገዛ እጄ የአንዲት እናት ተስፋ ፍቄ ስለጣልኩ ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ቀኖናውንም ፈጽሜያለሁ። ግን አልቀለለኝም።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወልድያ ውስጥ አናጢ ነበር። እሱ ሲልግ እኔ ሳንቃውን እይዝለታለሁ፤ እሱ ሲያጣብቅ እኔ ኮላውን አሞቅለታለሁ። እንዲህ እያልን ዕድሜያችንን ጨረስን። ሲሞት መጋዙንና መላጊያውን ልጄ ወሰደ፤ ለእኔ ብሩሾቹ ተረፉ። ልጄ "እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪና የልጅ ልጅሽን አጫውቺ" ይለኛል። እግሬ ግን ቤት አይወድም። ብሩሼን፣ ብርጭቆ ወረቀቴንና አንድ ቅያሪ ቀሚስ በዘንቢል ይዤ ዛሬ ሲሪንቃ፣ ነገ መርሳ እላለሁ። ሥራው ካላለቀ ባለቤቶቹ ዘንድ አድራለሁ። ሰው አያሳፍረኝም።

ከዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ በኋላ ሥራዬ በዛ። ሰው ከተሰደደበት ሲመለስ አንዱ ቤቱን ባዶ፣ ሌላው ዕቃውን ተሰባብሮ አገኘው። አዲስ የሚገዛ ጥቂት ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ በሩ የተገነጠለ ቡፌ፣ ጥይት የበሳው ኮመዲኖ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ቀዳዳውን በስቱኮ እደፍናለሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላለሁ፣ ቀለም እደርብበታለሁ። ሳስረክብ ባለቤቱ እንኳ የጥይቱ ቀዳዳ የቱ ጋ እንደነበረ አያገኘውም። ትልቁ ኩራቴ ይህ ነበር። የነበረውን እንዳልነበረ ማድረግ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መርሳ መናኸሪያ ስወርድ ሰናይት ቆማ ጠበቀችኝ። የጥሩነሽ ልጅ ናት። ጥሩነሽ ከገበያው በላይ ትንሽ ሱቅ ያላት፣ ባሏ ቀድሞ የሞተባት ሴት ነች፤ አገሩ የሚያውቃት ግን በወንዱ ልጇ ነው። ሲሳይ መካኒክ ነበር። ከተማው ሲሸሽ "የጋራዡን መኪና አሽሽቼ እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። አየሁት የሚል የለም፣ ቀበርኩት የሚልም የለም። ጥሩነሽ አላለቀሰችም። እኛ ዘንድ መርዶ ሳይነገር ለቅሶ አይቀመጡም። በቁም ባለ ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት ነው። ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት ሲተካ እንኳ ሰው ስለ ልጇ ሲያነሳባት "መንገድ ላይ ነው" ትላለች።

"እንዴት አደሩ፣ እማማ ብርቄ?" አለችኝ ሰናይት።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። አክስቴ ታማባት ውርጌሳ ሄዳለች፣ ነገ ትመለሳለች። ወደ እርስዎ የላከችኝ እሷ ነች። ቁም ሳጥኑን ያድሱልን ብላለች።"

"ጥሩነሽ ናት እንዲህ ያለችው?"

"አዎ።" ዓይኗን ወደ ባጃጆቹ አዞረች። "እሑድ ሽማግሌ ይመጣብናል። ቤቱ ትንሽ ደመቅ ይበል ብላ ነው።"

"እሰይ የኔ ልጅ! ላንቺ ነዋ?"

አቀረቀረች። "ሲመጡ ሦስተኛቸው ነው። ሁለቴ እናቴ 'ወንድሟ ይምጣና' ብላ መለሰቻቸው። አሁን ካልሆነ አንመለስም ብለዋል።"

"አሁንስ እሺ አለች?"

"እሺ ብላለች" አለች፤ ድምፅዋ ሳይወጣላት። የሙሽራ ኀፍረት መሰለኝ።

ቁም ሳጥኑ የዋንዛ ነው፣ ባለ ሁለት በር። ያገለገለውን ነው የገዙት፤ የጥሩነሽ ባል ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ መምህር ላይ ገዝቶት ነበር። ቡናማው ዘይት ቀለም እንደ ጎመን ቅጠል ተንከባልሎ ተነስቷል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ከሥሩ እንጨቱ ብቅ አለ፤ ዛሬ የማይገኝ እንጨት።

ሰናይት ወደ ሱቁ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆማ፣ "ውጪውን ብቻ ይበቃል፣ እማማ። ውስጡ ላይ አይልፉ" አለችኝ።

ይህን ብላኛለች። አላለችኝም ብዬ አልዋሽም።

ግን ባለቤቴ "ውጪውን ቀብቶ ውስጡን መተው ፊትን ታጥቦ እግርን እንደ መተው ነው" ይል ነበር። ልጅቷ እኔን አሮጊቷን ላለማድከም ያለችው መሰለኝ። ለሙሽራ ቤት ግማሽ ሥራ ሠርቼ ልሂድ? ልብሶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ አልጋው ላይ ደረደርኩ። የወንድ ሸሚዞች አሉበት፣ ተተኩሰው የታጠፉ። የሲሳይ መሆናቸውን አውቄ በቀስታ አነሳኋቸው። ከዚያ ሁለቱን በሮች ከማጠፊያቸው ፈትቼ ግቢ አወጣኋቸውና ፀሐይ ላይ፣ በርጩማ ላይ አጋደምኳቸው።

በግራው በር ውስጠኛ በኩል ነጭ ጨርቅ በአራት ስፒል ተወጥሯል። ለምን ይሆን ብዬ አሰብኩ? አሰብኩ። ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። ስፒሎቹን ነቅዬ ጨርቁን አራት አድርጌ አጥፌ አስቀመጥኩ።

ከሥሩ የእጅ ምልክት ነበር። ጥቁር የመኪና ዘይት፣ ሰፊ መዳፍ፣ ጣቶቹ ተዘርግተው። አንደኛው ጣት አጭር ነው፤ እጁ ሲያርፍ ጫፉ ያልነካ መሰለኝ።

ሥራውን የማታውቁ ልንገራችሁ። ዘይት የነካው እንጨት ቀለም አይዝም። ዛሬ ቢይዝ በሳምንቱ ይላጣል። ስለዚህ ሠራተኛ ዘይት ሲያይ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱ ላይ ነው የሚበረታው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና አሸሁት፤ ንቅንቅ አላለም። በነጭ ጋዝ ጨርቅ ነክሬ ደገምኩት። አውራ ጣቱ ሄደ፣ መዳፉ ደበዘዘ። እንጨቱ ውስጥ ሥር እንደ ሰደደ ሁሉ ታገለኝ። በብርጭቆ ወረቀት፣ በሻካራው ከዚያም በለስላሳው፣ ፀሐይዋ አናቴ ላይ እስክትደርስ ፋቅሁት። ንጹሕ እንጨት ሲወጣልኝ ደስ አለኝ። እጄን እያሳረፍኩ ልስላሴውን ሞከርኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እያንጎራጎርኩ ነበር።

ጎረቤቷ ዘሃራ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነው፤ ስንገናኝ መጎናተል ልማዳችን ነው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ብርቄ። ገብተሽ ሰላም እንኳ አትይንም?"

"ሥራ ይዤ ነው፣ ዘሃራ። ደህና ነሽ?"

"አልሐምዱሊላህ። ይህ በር እንዴት ለስልሷል። ከቀለሙ ከተረፈሽ እኔንም ጉንጬን ቀባ አድርጊኝ፣ ያው አሮጌ ዕቃ ነኝ።"

"አንቺንማ መጀመሪያ በስቱኮ መድፈን ያስፈልጋል። ቀለሙ እኮ የሚቀመጥበት ያጣል።"

ሳቀች። እየሳቀች በአጥሩ ክፍተት ገባችና በሩን አየች። ከዚያ የታጠፈውን ጨርቅ አየች። ሳቁ ፊቷ ላይ ቀረ።

"ጨርቁን ማን አነሳው?"

"እኔ።"

"እጁስ?"

"የምን እጅ?"

"የሲሳይ እጅ ነዋ፣ ብርቄ። ዘይቱ።"

ብርጭቆ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። ዘሃራ በርጩማ ሳትፈልግ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች።

"ያ ረቢ" አለች። "በሄደ ቀን ከጋራዥ መጥቶ የነካው ነው። ከልጇ የቀራት እሱ ብቻ ነው። አቧራ እንዳይነካው ነው የሸፈነችው። በየጠዋቱ ጨርቁን ገልጣ መዳፏን ታሳርፍበታለች። ጥሩነሽ ፈቅዳ ነው ይህን የምትሠሪው?"

"ሰናይት 'እናቴ ልካኝ ነው' ብላኝ ነው" አልኳት። ዘሃራ ራሷ ተነስታ ሰናይትን ከሱቅ ጠራቻት።

ሰናይት በሩን ስታይ አልጮኸችም። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዞር ዞር አለች። "ውጪውን ብቻ ብዬዎት ነበር" አለች።

"ብለሽኛል፣ ልጄ።"

"እናቴ አታውቅም። ዋሽቼ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ የተበላሸ ዕቃ አይተው የሐዘን ቤት እንዳይመስላቸው ነው። ስትመለስ ትቆጣለች፣ ከዚያ ደግሞ አምሮ ስታየው ይበርድላታል ብዬ ነው።" ከዚያ ድንገት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስትመለስ በቆርቆሮ የተቃጠለ ዘይት ይዛለች፤ ከጋራዥ ለምና።

"እኔ ላትምበት" አለች። "የወንድሜ እጅ ነው። ደማችን አንድ ነው።"

ዘሃራ አየቻት፣ እኔንም አየችኝ። "እኔ ይህን አላየሁም" ብላ ተነሳች። "የሚያየው አላህ ነው።" ሄደች።

እኔ ልሂድ አላልኩም። አይሆንም፣ ነውር ነው፣ አላልኩም። ልንገራችሁ አይደል ሁሉን? "ጣትሽን ዘርግተሽ ጫን አድርጊ" ያልኳት እኔ ነኝ። ሰናይት መዳፏን ዘይት ነክራ በሩ ላይ ጫነች። ትንሽ ሆነ፤ የሴት እጅ። በጨርቅ ጫፍ ዳር ዳሩን እያሰፋሁ አተለቅሁት። "የቀለበት ጣቱ አጭር ነው" አለችኝ፤ "ጫፉን የሚሽከረከር የመኪና ሞተር ቺንጋ ቆርጦበታል።" እሱንም አሳጠርኩት። ጨርቁን መልሰን ወጠርነው። አራቱን ስፒል በነበሩበት ቀዳዳ መልሼ ሰካሁ። የነበረውን እንዳልነበረ ማድረግ ስችል ኖሬ፣ ያልነበረውን እንደነበረ ማድረግም እንደምችል ያኔ አወቅሁ።

እዚያው አደርኩ። ዓርብ ጠዋት ተነስቼ ጨርቁን ገለጥኩት። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ደርቋል፤ ሌላ ሰው ቢያየው ያምናል። እዚያው ቆሜ ጥሩነሽን አሰብኳት። ነገ ጠዋት ተነስታ መዳፏን ታሳርፋለች፤ "እንደምን አደርክ" ትላለች፤ እኔ በጨርቅ ጫፍ የሠራሁትን ነገር። ዕድሜ ልኳን።

ነጭ ጋዙን አመጣሁ። ሰናይት ከመኝታዋ ተነስታ መጣችና እጄን ያዘችኝ።

"እማማ፣ ተዉት። እለምንዎታለሁ። እሷ አታውቅም እኮ። ደስ ብሏት ትኖራለች። እኔም አገባለሁ። ማንን ይጎዳል?"

"እኔ ልጅ ወልጃለሁ፣ ሰናይት። የልጄን እጅ አውቃለሁ።"

"ካወቀች ያኔ እንነግራታለን።"

"ካወቀች ወንድምሽን ብቻ አይደለም የምታጣው። አንቺንም ታጣሻለች።"

እጄን ለቀቀችኝ። ዞራ ግድግዳው ላይ ግንባሯን አሳረፈች። ለሁለተኛ ጊዜ ፋቅሁት። ይኼኛው ቶሎ ለቀቀ።

ጥሩነሽ ረፋድ ላይ ደረሰች። በአንድ እጇ ፓፓያ የያዘ ፌስታል፣ በሌላው ጫማዋን ይዛ፤ መንገዱ እግሯን አሳብጧታል። ስታየኝ ፊቷ በራ።

"እማማ ብርቄ! እርስዎ እኛ ቤት? ምን እግር ጣለዎት?" ከዚያ በሮቹን አየች። ፌስታሉን አስቀመጠች። ጫማዋንም አስቀመጠች።

የቀበሌ ሽማግሌዎች መርዶ ሲናገሩ አይቻለሁ። ማልደው ይመጣሉ፣ ተሰብስበው፣ ቀስ አድርገው። እኔ ግን ብቻዬን፣ የተበላሸ ቀሚስ ለብሼ፣ ብሩሽ ይዤ ነበር።

"ጥሩዬ፣ በድዬሻለሁ" አልኳት። "እኔ ነኝ የፋቅሁት። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ጨርቁን ሳይ ግን መጠየቅ ነበረብኝ።"

ሰናይት "እኔ ነኝ የጠራኋቸው። ዋሽቼያቸው ነው" ስትል እናትዋ አልዞረችም። ወደ በሩ ሄደች። መዳፏን ቦታው ላይ አሳረፈች። ቦታውን ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።

"በምን ነው ያስለቀቁት?" አለችኝ።

"መጀመሪያ በሙቅ ውሃ። ከዚያ በነጭ ጋዝ።"

"ወዲያው ለቀቀ?"

"አልለቀቀም። ታግሎኛል። እስከ ቀትር ድረስ።"

"ታገለ" አለች። ራሷን ነቀነቀች፤ ልጇ ለፈተና ተቀምጦ እንዳለፈ የነገርኳት ይመስል። "ጠንካራ ነበር።"

ነበር አለች። ሰናይትም ሰማች።

ጥሩነሽ መዳፏን ሳታነሳ ተናገረች። "የዚያን ቀን ጃኬቱን ሊወስድ በዚያ በቆሸሸ እጁ ከፈተው። ተቆጣሁት። 'ምነው እጅህን ብትታጠብ፣ ዕቃውን አበላሸኸው' አልኩት። 'እማ፣ አትንኪው፣ ስመለስ እኔው አጸዳዋለሁ' አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው። እኔም አልነካሁትም። እሱ ነበር የሚያጸዳው።" ወደ እኔ ዞረች። "እማማ፣ ሌላ ሰው ካጸዳው እሱ ከእንግዲህ ለምን ይመጣል?"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ቀስ ብላ፣ ጠርዙን እያስተካከለች፣ አዘቅዝቃ ደረበችው። የሐዘን አለባበስ። ከዚያ ያ ስንት ዓመት ታፍኖ የቆየ ጩኸት ወጣ። ከሁሉ ቀድማ በአጥሩ የገባችው ዘሃራ ናት። ሲመሽ እድርተኛው ድንኳን ተክሏል።

እሑድ ሰልስቱ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከሲሪንቃ መጡ፤ ሰምተው ስለነበር እንደ ለቀስተኛ ነው የገቡት። ሰናይት ውሃ እየያዘች አስታጠበቻቸው። ማንም ስለ ጋብቻ አላነሳም። ሊሄዱ ሲነሱ ጥሩነሽ "የሐዘኑ ዓመት ይውጣና ኑ። ያኔ አልመልሳችሁም" አለቻቸው። "እሺ፣ እግዜር ያጽናሽ" አሉ። ዓመቱን አልጠበቁም። ልጁን ሌላ ዘንድ ዳሩት። ሰናይት ዛሬም ሱቁ ውስጥ አለች፤ ሳልፍ ትስመኛለች፣ ሠርግ አታነሳም።

እኔ ሰልስቱ እስኪያልፍ እዚያው ነበርኩ፤ ዕቃ አጥባለሁ፣ ውሃ አቀዳለሁ። ስሰናበት ጥሩነሽ "የጀመሩትን ይጨርሱልኝ፣ እማማ። እንዲህ ገርጥቶ አልየው" አለችኝ። ቀባሁት። ውጪውንም ውስጡንም። አጠገቤ ተቀምጣ ብሩሼን ስታይ ቆየችና፣ "እርስዎ ባይፍቁት እስከ መቼ እጠብቅ ነበር?" አለችኝ።

ይህች ቃል ይቅርታ ትሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ልጠይቃት ብዬ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ አጠገቤ ካልተቀመጠ ዕቃ አልነካም። በጣቴ እያሳየሁ እጠይቃለሁ፤ ይህ ጭረት የማን ነው? ይህ የሻማ ጠብታ ከመቼ ነው? ይህን ጥግ ማን ነከሰው? ውርጌሳ አንድ ሰውዬ "የአይጥ ነው፣ እማማ" ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ። አንዲት ሴት ግን የጠየቅኋት ጭረት ላይ ጣቷን አድርጋ ብዙ ቆየችና "እሱን ይተዉት" አለችኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኋትም። ዙሪያውን ቀብቼ እሱን ተውኩት። እናንተም የእናታችሁን ቤት ልታሳምሩ ስትነሱ፣ ቆሻሻ ነው ያላችሁትን ከመፈግፈጋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጥሯት። አትቸኩሉ። ቆሻሻ የትም አይሄድም።

ሌላም አለ፤ ይኼ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ሲሳይ መሞቱን የነገረን ሰው እኮ የለም። ያረዳኋት እኔ ነኝ፣ በብርጭቆ ወረቀት። በቁም ባለ ሰው ላይ አስለቅሻት ቢሆንስ?

ስለዚህ በሄድኩበት ከተማ መጀመሪያ ጋራዥ እገባለሁ። ከመኪና ሥር ተኝተው ለሚሠሩት ጎንበስ ብዬ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ እጃቸውን አያለሁ። ባለፈው ሰሞን ወልድያ አንድ ጎልማሳ ከመኪናው ሥር ወጥቶ "ማንን ፈልገው ነው፣ እናቴ?" አለኝ።

"ሲሳይ የሚባል መካኒክ። የመርሳ ልጅ።"

"እዚህ የለም። ልጅዎ ነው?"

"አይደለም" አልኩት። "ግን አንድ ቀን ካገኘኸው፣ ቤት ግባ በለው። እናትህ አልቅሳብሃለች፣ ሂድና አሳፍራት በለው።"